አሸዋ ጭኖ ባሌስትራ የሰበረ ኤፍ ኤስ አር፦ ይበየድ ወይስ ይቀየር?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። (ባሌስትራ ማለት የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው፣ እየታጠፈ የሚመለሰው የብረት ድርድር ነው።) «አይሱዙ ኤፍ ኤስ አር እነዳለሁ። ከፎገራ በኩል አሸዋ ወደ ባሕር ዳር አመላልሳለሁ። ትናንት ማታ ወረታ ልገባ ስል የኋላ ቀኝ ባሌስትራ ተሰበረ። አንደኛውና ሁለተኛው ብረት መሃል ላይ ለሁለት ሆነዋል። የመኪናው ባለቤት ጋሼ “በብየዳ አስይዘውና ሥራ አይቁም” ይላሉ። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ “ወፍራም ብረት ጨምርበት፣ ሁለተኛ አይሰበርም” ይለኛል። እኔ ግን ፈርቻለሁ። ምን ላድርግ? የተሰበረውን ፎቶ አያይዣለሁ።»

መፍራትህ ልክ ነው ወንድሜ። መኪና ሲቆም የቀን ገቢ ይቀራል። ባለቤቱም የሚጠብቃቸው ዕዳ ሊኖር ይችላል። ይገባኛል። እኔ ባሕር ዳር ከ20 ዓመት በላይ የከባድ መኪና የእግር ሥራ ሠርቻለሁ። «በብየዳ ይያዝልን» የሚል ሰው ያልመጣበት ወር ትዝ አይለኝም። መልሴ ሁሌም ያው ነው፤ ባሌስትራ አይበየድም። ምክንያቱን እነግርሃለሁ። ከዚያ በፊት ግን አሁኑኑ ማድረግ ያለብህ ነገር አለ።

መኪናውን ካለበት አታንቀሳቅሰው። አሸዋውን እዚያው አራግፍ። አንደኛው ብረት ማለት ጫፍና ጫፉ ላይ ጆሮ ያለው፣ በፒን ከሻንሲው (ከመኪናው ዋና የብረት አካል) ጋር የሚያያዘው ነው። የኋላውን አክስል (የግራና የቀኝ ጎማዎቹን የሚያገናኘውን) በቦታው የሚያቆየው እሱ ነው። ከሥሩ የተደረደሩት ክብደት ያግዙታል እንጂ አክስሉን ከሻንሲው ጋር አያስሩትም። የተሰበረው ሦስተኛው ወይም አራተኛው ቢሆን ኖሮ «ባዶውን፣ ቀስ እያልክ ጋራዥ ድረስ ንዳው» እልህ ነበር። ያንተ ግን አንደኛው ነው፤ አጋዡም አብሮት ተሰብሯል። አሁን አክስሉን የያዘው የዩ ቦልቶቹ (እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፉት ረጃጅም ብሎኖች) ጭምቀት ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ጠንከር አድርገህ ፍሬን ብትይዝ የቀኙ ጎማ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። ያኔ መሪው በእጅህ ቢሆንም መኪናው ያንተ አይደለም። ከወረታ ባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መለዋወጫው በሚኒባስ ወደ አንተ ይምጣ። እዚያው የሚሠራልህ ከጠፋ ደግሞ በሎቤድ (መኪና በሚጭን ዝቅተኛ ተጎታች) አስጭነው።

አሁን ወደ ብየዳው ልመለስ።

የባሌስትራ ብረት ተራ ብረት አይደለም። 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው። የበርና የመስኮት ብረት የሲሶውን ያህል እንኳ ቢኖረው ነው። ፋብሪካው ብረቱን 850 ዲግሪ አካባቢ ድረስ ያግለዋል። ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። በዚህ ጊዜ ብረቱ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ እንደገና ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ባለው ሙቀት ያሳርፈዋል። ታጥፎ የሚመለሰው፣ ተጨንቆ የማይሰበረው በዚህ ሁለተኛ ሙቀት ነው። ብረት ቀጥቃጮቻችን ይህን በእጃቸው ያውቁታል። ማረሻውንም ቢላዋውንም ከአሮጌ ባሌስትራ ሲሠሩ የግለቱን ቀለም አይተው ነው የሚነክሩት። ትንሽ ካለፈባቸው ስለቱ ይሸረፋል፤ ካነሰባቸው ይጣመማል።

በያጁ ኤሌክትሮዱን ሲያስነካው ያ ሁሉ ልፋት በደቂቃ ይጠፋል። ብየዳው ያረፈበት ይቀልጣል። ከጎኑ ያለው ጣት የምታህል ስፋት በድንገት ግሎ በድንገት ይቀዘቅዛል። እዚያ ጋ ብረቱ ተመልሶ እንደ ብርጭቆ ይሆናል። ለዚህ ነው የተበየደ ባሌስትራ ብየዳው ላይ ሳይሆን ከብየዳው ጎን የሚሰበረው። በያጁ «ብየዳዬ እኮ አልተላቀቀም» ቢልህ እውነቱን ነው። ብየዳው አልተላቀቀም። ጎኑ ነው የሄደው።

አንድ መኪና አልረሳም። አንደኛው ብረት ተበይዶለት፣ በላዩ ላይ ላሜራ ተለጥፎበት፣ «ይኸው ከአዲስ ይበልጣል» ተብሎ ወጣ። ሲሚንቶ ጭኖ ወደ ደብረ ታቦር ሲሄድ ኩርባ ላይ ብረቱ ተሰበረ። አክስሉ በአንድ ወገን ወደ ኋላ ሸሽቶ ጥንድ ጎማው ካሶኒውን (የጭነቱን ሳጥን) እየፈጨ መኪናውን ቦይ ውስጥ ከተተው። ሹፌሩም ረዳቱም ተረፉ። ረዳቱ ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበር። እኔ ጋ ሲመጡ እጁ ገና ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለባለቤቶች የምላቸው አንድ ነው። ስለ ብየዳው ዋጋ አትንገሩኝ፤ ካቢናው ውስጥ ማን እንደሚቀመጥ ንገሩኝ። አንተም ለጋሼ ይህን በላቸው። በክርክር ሳይሆን በአክብሮት፣ ቁጭ ብለህ።

እሺ፣ ይቀየራል። ግን ቀይረህ ብቻ ከሄድክ በሁለት ወር ውስጥ እዚያው ቦታ ላይ እንገናኛለን። ለምን እንደተሰበረ ካልተገኘ አዲሱም ይሰበራል። ብዙዎቻችን የምንዘለው ይህን ነው። የተሰበረው ብረት ራሱ ይናገራል፤ ማየት ብቻ ነው።

ፎቶህን አጉልቼ አየሁት። የስብራቱ ፊት ሁለት ዓይነት ነው። መሃሉ ላይ ካለው ቀዳዳ ዙሪያ ጀምሮ ግማሽ ያህሉ ጠቁሯል፤ ለስለስ ብሏል፤ ዝገትም ይዟል። ቀሪው ግማሽ ነጭ፣ የሚያበራ፣ እንደ ጨው ቅንጣት ሻካራ ነው። ነጩ የትናንት ማታው ነው። ጥቁሩ ግን የቆየ ነው። ብረቱ ከተሰነጠቀ ሰንብቷል ማለት ነው። አንተ በየቀኑ ስትጭን ስንጥቁ በፀጉር ስፋት እየተጓዘ ነበር። የቀረው ግማሽ መሸከም ሲያቅተው ቋ ብሎ ሄደ። ስለዚህ ራስህን አትውቀስ። ያቺ የመጨረሻዋ ጉድጓድ አይደለችም የሰበረችው።

ስብራቱ የጀመረው ደግሞ ከሴንተር ቦልቱ (ብረቶቹን መሃል ላይ አንድ ላይ ከሚይዘው ብሎን) ቀዳዳ ነው። ይህ ትልቅ ምልክት ነው። ባሌስትራ መሃሉ ላይ አክስሉ ላይ ተጣብቆ በዩ ቦልት ይታሰራል። በደንብ ከተጠበቁ በእነሱ መሃል ያለው ብረት ጨርሶ አይታጠፍም። ስለዚህ ቀዳዳው ምንም አይሆንም። ዩ ቦልቱ ሲላላ ግን ብረቱ እዚያም መታጠፍ ይጀምራል። የሚታጠፍ ብረት ደግሞ የሚሰነጠቀው ከቀዳዳው አፍ ነው። ስብራቱ ጆሮው አካባቢ ቢሆን ፒኑንና ቡሽንጉን (ፒኑ የሚገባበትን ቱቦ) እጠረጥር ነበር። ከመሃልና ከጫፍ መካከል ቢሆን ደግሞ ከልክ ያለፈ ጭነትን ወይም ብረቱ ላይ ያለ ጭረትን። ያንተው ግን ዩ ቦልት ነው ብዬ እፈርምልሃለሁ።

ለምን ላላ? የፎገራን ጭቃ አውቀዋለሁ። ክረምት ላይ ወደ ወንዙ ስትገባ ጥቁሩ አፈር ዩ ቦልቱንና ዳዶውን ጠቅልሎ ይይዛል። ሲደርቅ እንደ ኮንክሪት ነው። ከሥሩ ዳዶው ቢላላ ማን ያየዋል? በሳምንት አንድ ቀን እዚያ ቦታ በውሃ ይታጠብ። ከታጠበ በኋላ ከዩ ቦልቱ ሥር የዝገት ዱቄት ካየህ፣ ወይም ብረቱ ላይ ተፍቆ የሚያበራ መስመር ካየህ፣ ላልቷል። አደራህን፣ እጠባው ጣና ዳር አይሁን። ግራሶውና ዘይቱ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ጣና በእምቦጭ መከራውን አይቷል፤ እኛ ደግሞ አንጨምርበት።

ሁለተኛው ምክንያት አሸዋው ነው። የምትጫነውም የምትከፈለውም በሜትር ኩብ ነው። ባሌስትራ ግን ሜትር ኩብ አያውቅም፤ ክብደት ነው የሚያውቀው። አንድ ሜትር ኩብ ደረቅ አሸዋ 16 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። ከወንዝ ወጥቶ ውሃው ሳይንጠፈጠፍ የተጫነ ግን 19፣ አንዳንዴም 20 ኩንታል ይደርሳል። 5 ሜትር ኩብ ጫንክ እንበል። ካሶኒው ላይ ያለው ከፍታ ያው ነው። ክብደቱ ግን ከ15 እስከ 20 ኩንታል ይጨምራል። ይህን ጭማሪ በነጻ ነው የምትሸከመው። ስለዚህ አሸዋው ወንዙ ዳር ተከምሮ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር። ካልሆነ ደግሞ ቀንስ።

የቀኙ የተሰበረበትም ምክንያት አለው። መንገዳችን ውሃ እንዲያፈስ ወደ ዳር ያዘነብላል። እኛ ደግሞ በቀኝ ነው የምንነዳው። ስለዚህ የቀኙ እግር ዘወትር ትንሽ ይበልጥ ይሸከማል። ከአስፋልት ወርዶ ጠርዝ የሚረግጠውም እሱ ነው።

ወደ ጓደኛህ ምክር እንምጣ። ወፍራም ብረት መጨመር። ይህ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ለእኔም ቶሎ አልገባኝም ነበር። ብረት ለመታጠፍ የሚያሳየው እምቢታ ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም። ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚያድገው። ባሌስትራህ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ከሆነና ባለ 12 ብትጨምርበት፣ ያ አንዱ ብረት ከጎረቤቱ 73 በመቶ ያህል የበለጠ ጭነት ወደ ራሱ ይስባል። ሁሉም እኩል ሲታጠፉ ደግሞ እሱ ላይ የሚያርፈው ጫና በ20 በመቶ ይበልጣል። ጠንካራ ነው ያልከው ቀድሞ ይሰበራል። ሲሰበር የተሸከመውን በሙሉ በአንድ ጊዜ በሌሎቹ ላይ ይጥለዋል። ከዚህም በላይ፣ ባሌስትራው ቢጠነክር ፍሬኑ፣ ጎማው፣ አክስሉና ሻንሲው ያው የድሮዎቹ ናቸው። ደጀንን አልፈህ የዓባይን በረሃ ቁልቁለት የምትወርደው በባሌስትራ ሳይሆን በፍሬን ነው።

ስለዚህ ስትገዛ የብረቶቹ ቁጥርም፣ ውፍረቱም፣ ስፋቱም፣ ጉብጠቱም ከፋብሪካው ጋር አንድ ይሁን። የተሰበረውን ሁለቱንም ቁራጭ ይዘህ ሂድ። በአፍ «የኤፍ ኤስ አር» ብቻ ብለህ አትግዛ፤ በየዓመተ ምርቱ ይለያያል። ሜትር ሳይሆን ካሊፐር (ውፍረትን በትክክል የሚለካ መሣሪያ) ተጠቀም። 10 እና 11 ሚሊ ሜትርን በዓይን መለየት ከባድ ነው።

ሁለቱን ብረት ብቻ ልቀይር ወይስ ሙሉውን? ሌሎቹን አንድ በአንድ አውርደህ በሽቦ ብሩሽ አጽዳ። ስንጥቅ፣ ጥልቅ የዝገት ጉድጓድ፣ ከሥሩ ያለው ብረት ጫፍ ቆፍሮት የገባበት ካለ ይጣል። ንጹህ ከሆኑና ጉብጠታቸው ካልሞተ ሁለቱን ብቻ መቀየር ይቻላል። ከአራት ዓመት በላይ አሸዋ የተሸከመ ከሆነ ግን እኔ ሙሉውን እቀይራለሁ፤ የግራውንም አብሬ። አዲስ በቀኝ፣ የደከመ በግራ ከሆነ መኪናው ወደ ግራ ያነክሳል። ገንዘቡ ለሁለቱ ካልበቃ ቢያንስ የግራውን አውርዳችሁ መሃሉን እዩት። በአንድ ቀን የታሰሩ ዩ ቦልቶች አብረው ነው የሚላሉት።

ሥራው ራሱ አስቸጋሪ አይደለም፤ ግን ቸኩሎ የሠራው ሰው ይጎዳል። የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርግ። የጎማውን ዳዶ መኪናው መሬት ላይ እያለ አላላው። መሬቱ ለስላሳ ከሆነ ከክሪኩ ሥር ወፍራም ጣውላ ወይም ላሜራ ይግባ። ሻንሲውን ካነሳህ በኋላ ክብደቱን በብረት መደገፊያ ላይ አሳርፈው። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ድንጋይና ጡብ መደርደርም ድጋፍ አይባልም። ሌላ ክሪክ አክስሉ ሥር ይግባ። አክስሉን ከፍና ዝቅ የምታደርገው በእሱ ነው።

ዩ ቦልቶቹ ስለሚጣሉ ከዛጉ ቁረጣቸው። ግን የፍሬኑን የአየር ቱቦና የነዳጁን መስመር በእርጥብ ጨርቅ ሸፍን። በጋዝ እሳት ባትቆርጥ ይሻላል። ፒኑን ስታወጣ በመዶሻ በቀጥታ አትምታው፤ ነሐስ ወይም ለስላሳ ብረት አስገባበት።

አሁን የምነግርህን ለሚሠራልህ ልጅም አንብብለት። የሴንተር ቦልቱ ከመፈታቱ በፊት ድርድሩ በሁለት ጠንካራ ማጥበቂያ ከቦልቱ ግራና ቀኝ ይያዝ። ወይም ትልቅ ሞርሳ ላይ ይግባ። የባሌስትራ ብረቶች ጉብጠታቸው እኩል አይደለም። አጭሩ ከረጅሙ ይበልጥ ይጎብጣል። ተጨምቀው ነው የታሰሩት። ሳይያዙ ቦልቱ ከተፈታ ብረቱ ይፈናጠራል። እኔ ገና ለማጅ ሳለሁ አጠገቤ የነበረ ልጅ በዚህ ምክንያት ሁለት ጣቱን አጥቷል። የመጨረሻውን የዳዶ ጥርስ ሲያልፍ የሰማሁት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ማጥበቂያው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር።

መልሰህ ስትገጥም አዲስ ሴንተር ቦልት፣ አዲስ ዩ ቦልት፣ አዲስ ዳዶና ሮንዴላ። አሮጌው ዩ ቦልት አንዴ ተስቧል፤ ጥርሱም ደክሟል። ቢጠብቅም አይይዝም። ከጠቅላላው ሥራ ትንሹ ወጪ ይህ ነው፤ ሰው ግን እዚህ ላይ ይቆጥባል።

የሴንተር ቦልቱ ራስ አክስሉ ላይ ባለው ጉድጓድ ውስጥ በትክክል መግባት አለበት። በጣትህ ዳስሰው። ጉድጓዱ ውስጥ ጭቃ ወይም የዝገት ቅርፊት ካለ ራሱ አይቀመጥም። አጥብቀህ ትጨርሳለህ፤ ከሳምንት በኋላ ቦልቱ ተቆርጦ አክስሉ ይሸሻል። ብረቶቹን ጎን ለጎን አቅፈው የሚይዙትን ማቀፊያዎችም አትጣላቸው። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ ባሌስትራው ወደ ታች ይዘረጋል። ማቀፊያ ከሌለ ያን ጊዜ አንደኛው ብረት ብቻውን ነው የሚጎተተው።

ዩ ቦልቶቹን በመስቀል አጥብቅ። መጀመሪያ አራቱንም በትንሹ፣ ከዚያ ዙሩን ደግመህ፣ ከዚያ እስከ ልኩ። ልኩ እንደ ብሎኑ ውፍረት ይለያያልና የመኪናውን መመሪያ ተመልከት፤ ቶርክ ሬንች (የማጥበቁን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ያለው ጋራዥ ፈልግ። ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክቶ ሁለት ሰው መንጠልጠል ልክ አይደለም። ሲበዛ ብሎኑን ይስበዋል። የመጨረሻው ማጥበቅ ደግሞ መኪናው በእግሩ ቆሞ ክብደቱ ባሌስትራው ላይ ካረፈ በኋላ ይሁን። የላስቲክ ቡሽንግ ያለው ፒን ከሆነም እንደዚያው ነው። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ላስቲኩ ተጠማዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። ግራሶ የሚወስድ ከሆነ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ድረስ ምታበት።

ከመሄድህ በፊት ሜትር ውሰድ። መሪው ቀጥ ብሎ ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል ያለውን በቀኝም በግራም ለካ። እኩል መሆን አለበት። በጥቂት ሚሊ ሜትር ካልሆነ በቀር ከተለያየ አክስሉ ተጣሟል፤ ፈታ አድርገህ አስተካክል። አንዳንድ መኪና ላይ ከኋላ አክስል ወደ ሻንሲ የሚሄድ ቀጭን ዘንግ አለ። እንደ ጭነቱ የኋላውን ፍሬን የሚያስተካክል ነው። ተፈትቶ ከነበረ መመለሱን እይ።

የጎማውን ዳዶ 50 ኪሎ ሜትር ከሄድክ በኋላ እንደገና አጥብቅ። ዩ ቦልቱ ደግሞ ከ500 እስከ 1000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ እንደገና መጥበቅ አለበት። አዲስ ብረት ሲጫን እርስ በርሱ ይቀመጣል፤ ያን ጊዜ ዩ ቦልቱ ይላላል። አንተ ከባሕር ዳር ወረታ ደርሰህ ስትመለስ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አምስተኛውን ዙር ስትጨርስ አሸዋውን አራግፈህ በቀጥታ ጋራዥ ግባ፤ አራቱንም ዳዶ አስፈትሽ። ቀኑን አሁኑኑ ለረዳትህም ንገረው፣ ቢረሳህ ያስታውስህ።